የማስረጃ ጠበቃ

አናጢው ከታላቅ እህቱ ባል ጋር አንድ ሱቅ ውስጥ ሶፋ መሥራት ከጀመረ ዘመን አልፎታል። እሱ ጣውላውን ይቆርጣል፣ ያገጣጥማል፣ ሞላውን ይወጥራል፤ አማቹ ደግሞ ከስፌት መኪናው ኋላ ተቀምጦ የሶፋውን ልብስ ይሰፋል። ሥራው ለሁለት የተከፈለ ነው፤ ክርክሩ ግን የጋራ ነው። አናጢው በእግዜር ያምናል፣ አማቹ አያምንም። ጠዋት የሱቁ በር ሲከፈት የተነሣ ነገር ማታ ሲዘጋ "ነገ እንጨርሰዋለን" ተብሎ ያድራል። ነገም አያልቅም።

አማቹን የሰፈሩ ሰው "ማስረጃ" ይለዋል። ምንም ብትነግሩት መጀመሪያ ከአፉ የምትወጣው ቃል እሷ ናትና። ደንበኛ "ይሄ ጨርቅ ይለቃል አሉኝ" ሲለው "ማስረጃ?"፤ ጎረቤት "ዛሬ ሳይዘንብ አይቀርም" ሲለው "ማስረጃ?"። ሚስቱም "እወድሃለሁ ብዬው ማስረጃ የጠየቀኝ ወንድ እሱ ብቻ ነው" እያለች ሰው ታስቃለች። "ታዲያ ምን ሰጠሽው?" ሲሏት "አገባሁት! ከዚህ በላይ ምን ላምጣለት?" ትላለች።

እሷን አናጢው "እታለም" ይላታል። የመዋለ ሕፃናት መምህርት ናት። ከሥራ ስትመለስ በሱቁ በኩል ነው የምታልፈው፤ ሁለቱ ሲጯጯሁ ከደረሰች በሩ ላይ ቆማ ትንሽ ታዳምጥና "ከኔ ክፍል ልጆች የሚለያችሁ እኮ ጺማችሁ ብቻ ነው" ብላቸው መንገዷን ትቀጥላለች።

ቋሚ አድማጭም አላቸው፤ አንድ ጡረታ የወጡ ዳኛ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ክርክር ሰምተው አልጠገቡም መሰል፣ ጠዋት ጠዋት መጥተው በሩ አጠገብ ለናሙና የተቀመጠችው ነጠላ ሶፋ ላይ ይሰየማሉ። የሚገዛ ሲመጣ ይነሣሉ፣ ሲሄድ ይመለሳሉ።

"ይሄን ሶፋ ማን ሠራው?" ይላል አናጢው፣ ሚስማር በከንፈሩ እንደያዘ።

"እኔና አንተ።"

"ጎሽ። ሶፋ ያለ ሠሪ ካልተሠራ ይቺ ሁሉ ዓለም ያለ ሠሪ እንዴት ቆመች?"

"ሶፋው ሲሰበር ደንበኛው ማን ላይ ይጮሃል? አንተ ላይ። ሱቅህን ያውቀዋል፣ ፊትህን ያውቀዋል። ያንተኛው ሠሪ ሱቁ የት ነው? ምድር ተንቀጥቅጣ ሰው ከነልጆቹ ቤት ሲደረመስበት የት ሄዶ ይጩህ?"

"እሱው ጋ ነዋ! ጸሎት ምን መሰለህ ጋሼ? ግማሹ ጩኸት እኮ ነው።"

"ሰምቶ የሚጠግንስ አለ ወይ ነው የምልህ።"

"አቤቱታው ቀርቧል" ይላሉ ዳኛው ከሶፋቸው ላይ፤ "መልስ ሰጪው ግን እስካሁን አልቀረበም።" ሦስቱም ይስቃሉ። አናጢው እየሳቀ "ይቀርባል! ቀጠሮ ነው ያልደረሰው" ይላል።

አንዱ በሌላው አያሾፍም ነበር። እኩለ ቀን ላይ አናጢው ከጣውላው ክምር ጀርባ ሄዶ ሲጸልይ ማስረጃ የስፌት መኪናውን ያቆማል። ለምን እንዳቆመ የጠየቀው ካለ "ሞቶሩ ግሏል፣ ትንሽ ይረፍ" ይላል። ሞቶሩ ሁልጊዜ የሚግለው በዚያች ሰዓት ብቻ ነው።

እንዲህ ሲኖሩ ሲኖሩ የማስረጃ ድምፅ መጎርነን ጀመረ። መጀመሪያ ጉንፋን ነው ተባለ። ቀጥሎ የጣውላው ብናኝ ነው ተባለ። እንዲያ ከሰው ሁሉ ማስረጃ ሲጠይቅ የኖረ ሰው፣ የራሱ ጉሮሮ ማስረጃ ሲያቀርብለት ግን አልሰማም አለ። በኋላ እታለም እንደ ተማሪዎቿ እጁን ይዛ እየጎተተች ሆስፒታል ወሰደችው።

ሐኪሟ ነገር የማታድበሰብስ ሴት ነበረች። "ዕጢ ነው" አለቻቸው። "ሳይሰራጭ ነው የደረስንበት፤ ይድናል። ነገር ግን ማንቁርቱ ሙሉ በሙሉ መውጣት ይኖርበታል። የሚተነፍሰው አንገቱ ሥር በምናበጅለት ቀዳዳ ይሆናል። በዚህ ድምፁ ከእንግዲህ አይናገርም።"

እታለም የባሏን እጅ ያዘች። አብሯቸው የሄደው አናጢ ደግሞ አማቹ "ማስረጃ?" እንዲል ጠበቀ። አላለም።

ቀዶ ጥገናው ሊደረግ አንድ ቀን ሲቀረው አናጢው ከሰዓት በኋላ ሊጠይቀው ሄደ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ "ጋሼ፣ ብጸልይልህ ቅር ይልሃል?" አለው።

"ቅር አይለኝም" አለ ማስረጃ፣ በዚያች በጎረነነች ድምፁ። "ከዳንኩ ግን ሐኪሟንም አንድ አመሰግናለሁ በላት።"

"ሐኪሟንስ ማን ሰጠን?"

"ይኸው! ሞት አፋፍ ላይ ሆኜም አልላቀቅ አልከኝ!" ብሎ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ።

በማግስቱ ወደ ውስጥ ሊያስገቡት ሲሉ እታለምን በእጁ ጠቅሶ ጠራትና ጆሮዋ ላይ የሆነ ነገር አንሾካሾከላት። እሷም ግንባሩን ሳመችው። ምን እንዳላት ለማንም ተናግራ አታውቅም፤ የጠየቃትም የለም።

አናጢው ኮሪደሩ ላይ ቀረ። ግድግዳውን ተደግፎ ዓይኑን ጨፈነ። "ሕይወቱን ሐኪሟ ታድናለች ብላናለች፤ አምኛታለሁ" አለ በልቡ። "እኔ የምለምንህ ድምፁን ነው። ምናልባት ከፍተው ሲያዩት እንደፈሩት ባይሆንስ? አንተ ምን ይሳንሃል? እኔ ከሱ ሌላ የልብ የማወራው ሰው የለኝም። ድምፁን ተውለት።" ደጋግሞ ይህንኑ አለ። በሕይወቱ እንዲህ አጥብቆ የለመነው ነገር አልነበረም።

ሐኪሟ ስትወጣ ደክሟት ነበር፣ ግን ፈገግ አለች። ሁሉም ነገር እንደታሰበው ሄዷል። ዕጢው ወጥቷል። ማንቁርቱም ወጥቷል።

*

ማስረጃ አገግሞ ሱቅ ሲመለስ አንገቱ ላይ ስስ ጨርቅ አስሮ ነበር። የሰፈሩ ሰው እየመጣ ጨበጠው፣ አቀፈው፤ አንዳንዱም ጆሮው የደነቆረ ይመስል እየጮኸ አናገረው። እሱ ግን ለሁሉም ራሱን እየነቀነቀ ወደ መኪናው ሄዶ ተቀመጠ።

ክርክሩን ሊቀጥሉት ሞክረዋል። ጨርቅ የሚያሰምሩበት ጠመኔ ነበራቸው፤ ማስረጃ በዚያ ጠመኔ የመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ይጽፋል። ነገር ግን ክርክር ትኩስ ይፈልጋል። እሱ ጎንበስ ብሎ ጽፎ፣ አናጢው መነጽሩን ፈልጎ እስኪያነበው ነገሩ ይበርዳል። አንድ ሁለት ቀን እንዲህ ተንገታገቱና ማስረጃ ጠመኔውን አስቀመጠው።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። እዚያ ሱቅ ውስጥ ግን ነቀዘ። ዳኛው ይመጣሉ፣ ይቀመጣሉ፣ መኪናው ሲያጉረመርም መዶሻው ሲመታ ያዳምጡና አንገታቸውን ደፍተው ይሄዳሉ። አናጢው አንዳንዴ ከልማዱ "ይሄን የመሰለ እንጨት ያለ ፈጣሪ…" ብሎ ይጀምርና ማንም የሚያቋርጠው ሲያጣ ራሱ ያቆማል። ማንም ሳይገጥመው ያሸንፍ ጀመር፤ የማሸነፍን ያህል ደግሞ ያስጠላው ነገር አልነበረም።

ሆስፒታሉ የንግግር አስተማሪ መድቦለት ነበር። ያለ ማንቁርትም መናገር ይቻላል፤ አየሩን ወደ ጉሮሮ ዋጥ አድርጎ እንደ ግሳት መልሶ ማውጣትና ያንን በምላስና በከንፈር ቃል ማድረግ ነው። ማስረጃ አንድ ቀን ሄዶ ሞከረውና አልሄድም አለ። እታለም ለምን ብትለው "እንቁራሪት አይደለሁም" ብሎ ጻፈላት።

አንድ ቀን ጠዋት ቱጃሩ መጣ። ቱጃሩ እህል በጅምላ የሚያከፋፍል፣ አናጢው በሚሄድበት ጸሎት ቤት ከፊት መደዳ የሚቀመጥ ሰው ነው። ለአዲሱ ቤቱ ትልቅ የማዕዘን ሶፋ ፈልጎ ነበር። ልኬቱን ሲጨርሱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ወደ አናጢው ተጠጋ።

"ስለ አማችህ ሰማሁ። መቼም እግዜር ትዕግሥተኛ ነው፤ ግን ሲበቃው ይበቃዋል። ስሙን ሲያቃልል የኖረውን አፍ ዘጋው፤ አይደል?"

ማስረጃ ከሱቁ ጓዳ መጋረጃ ጀርባ እስፖንጅ እየቆረጠ ነበር። የመቁረጫው ድምፅ ቆመ።

አናጢው "አይ፣ እንዲህ እንኳ አይባልም" ብሎ ሊያልፈው አስቦ ነበር፤ ሰላማዊ ሰው ነው። ከአፉ የወጣው ግን ሌላ ሆነ።

"ማስረጃዎ ምንድን ነው?" አለ።

"ምን?"

"ቅጣት ለመሆኑ ማስረጃዎ ምንድን ነው? ሆስፒታል ከሱ ቀጥሎ ባለው ክፍል አንዲት ሴት ተኝታ ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ ጸሎት ቤት ስትዘምር የኖረች ናት። የሷም ማንቁርት በዚያው ሳምንት ወጣ። እሷስ ምን ብላ ነው? የሱን አፍ ለስድቡ ከዘጋ የሷን ለምስጋናዋ ዘጋው ልንል ነው? ወይ ሁለቱም ቅጣት ነው፣ ወይ ሁለቱም በሽታ ነው። እርስዎ የሚወዱትን አንሥተው የማይወዱትን መተው አይችሉም!"

ቱጃሩ ዓይኑ ፈጠጠ። "አንተም እንደሱ ሆንክ እንዴ?"

"እኔ አይደለሁም የምናገረው፤ እሱ ነው" አለ አናጢው። "አፍ ስላጣ አፌን አበደርኩት።"

ቱጃሩ ሶፋውን ሳያዝዝ ወጣ። ማስረጃ መጋረጃውን ገልጦ መጣ። ፊቱ ምንም አይነበብበትም። ጠረጴዛውን በመዳፉ መታና ጠመኔውን አንሥቶ "አንዱን ረሳኸው" ብሎ ጻፈ።

"ምኑን?"

ማስረጃ ጎንበስ ብሎ ቀጠለ፤ "ቱጃሩ ሚዛን ላይ ሲዋሽ ኖሯል። ድምፁ ግን ደህና ነው።"

አናጢው ጮክ ብሎ አነበበው። ዳኛው ከሶፋቸው ላይ በሳቅ ፈነዱ። ማስረጃም ሳቀ፤ ድምፅ የለውም፣ ግን ትከሻው ይነቀነቃል፣ አንገቱ ሥር ያለችው ቀዳዳ ፉጨት ፉጨት ትላለች። አናጢው ከሆስፒታል ወዲህ ሲስቅ ሲያየው ያ የመጀመሪያው ነበር፤ ፊቱን አዙሮ ያልጠፋ መዶሻ ፍለጋ ጀመረ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ መልክ ያዘ። ማስረጃ አንድ ሁለት ቃል ይጽፋል፤ አናጢው ያንን ይዞ ማስረጃ ቢሆን እንደሚለው አድርጎ ይናገራል፤ ቀጥሎ በራሱ በኩል ዞሮ መልስ ይሰጣል። መጀመሪያ ላይ ያጭበረብር ነበር። የአማቹን ነገር ለስለስ፣ ላላ አድርጎ ያቀርብና የራሱን በሙሉ ኃይሉ ይመልሳል። ማስረጃ ያኔ መቀሱን በጠረጴዛው ላይ ያንኳኳል። ዳኛውም ጣልቃ ገቡ። "አንተ ሰው፣ ጠበቃ ነህ። ጠበቃ ደንበኛውን አሳንሶ አያቀርብም። እንደገና!"

እንደገና አለ። እያደር ተካነበት። "ሕፃን ልጅ ሲታመም እግዜር የት ነበር?" የሚለውን ሲናገር አማቹ ይጠቀምባት የነበረችው የእጅ አነሣስ ሳትቀር መጣችለት። አንድ ጊዜ ጨርቅ ልታስለካ የመጣች ደንበኛ ከደጅ ቆማ ቆየችና "ሁለት ሰው የሚጣላ መስሎኝ ፈርቼ ነው" ብላ ገባች። ማስረጃ ከመኪናው ኋላ ሆኖ ደረቱን ነፋ።

ጸሎት ቤት ግን ወሬው ደረሰ። "አናጢው ካደ አሉ" ተባለ፤ ቱጃሩ ሳይጨምርበት አልቀረም። አናጢው ለወሬው ግድ አልነበረውም። ያስጨነቀው ሌላ ነው። አንድ ማለዳ ከአልጋው ወርዶ እንደ ልማዱ ሊጸልይ ቆመና "ስማኝ" አለ። ከዚያ ወዲያ ቃል እምቢ አለው። ያ ኮሪደር መጣበት። አጥብቆ የለመነው፣ ያልተሰጠው። አማቹን ወክሎ "ጸሎት ሰሚ የለውም" እያለ ሲከራከር፣ የአማቹን ትልቁን ማስረጃ ራሱ በሆዱ ደብቆ እንደያዘ ያውቅ ነበር። በማግስቱም ቆመ፣ "ስማኝ" አለ፣ ተቀመጠ። ሳምንት እንዲህ ሆነበት።

ለእታለም ሊነግራት ትምህርት ቤቷ ድረስ ሄደ። ልጆቹ ተለቀዋል፤ እሷ ከወለል ላይ የቀለም እርሳስ ትለቅማለች። የልጅ ወንበር ላይ ጉልበቱ አገጩ እስኪደርስ ተጣጥፎ ተቀመጠ።

"እታለም፣ ጸሎት እምቢ አለኝ።"

"የሱን ነገር እያወራህ ነዋ!"

"የሱንማ ስንት ዘመን ሰምቼዋለሁ፤ እሱ አይደለም።" ስለ ኮሪደሩ ነገራት። "ድምፁን ተውለት ብዬ ለመንኩት። አልተወለትም።"

እታለም የለቀመችውን እርሳስ ጭኗ ላይ ሰበሰበች። "እኔ ምን እንዳልኩ ታውቃለህ?" አለችው። "ድምፁንም ውሰድ፣ እግሩንም ውሰድ፣ የፈለግከውን ውሰድ፣ ብቻ እሱን መልስልኝ ነው ያልኩት። እዚያው ኮሪደር ላይ፣ ካንተ ሁለት ወንበር አለፍ ብዬ። እንግዲህ የማንን ይስማ? ያንተን ወይስ የኔን?"

"እንጃ" አለ አናጢው፣ አንድ እርሳስ ከወለሉ አንሥቶ እያቀበላት።

"እኔም አላውቅም" አለች። "ሙያዬ አይደለም። ግን ለሱ ንገረው።"

"ለሱማ ብነግረው ያሸንፈኛል!"

"ይቺን ታህል ብትሸነፍለት ምን ትሆናለህ? ሂድ፣ ተነሣ! ወንበሯን ትሰብርብኛለህ።"

በማግስቱ ጠዋት ዳኛው ቦታቸውን እንደያዙ አናጢው ጠረጴዛው አጠገብ ቆመ። ማስረጃ ጠመኔውን ሊያነሣ ከመኪናው ኋላ ብድግ ሊል ሲል "ዛሬ አትጻፍ ጋሼ" አለው። "ዛሬ አንተ የማታውቀውን ማስረጃህን ነው የማቀርበው።" ከዚያም ተናገረ። ኮሪደሩን፣ የለመነውን ቃል፣ ሐኪሟ ስትወጣ የነገረቻቸውን። ሳምንቱን ሙሉ መጸለይ እንዳቃተው ጭምር። "እንግዲህ ማስረጃ ቢናገር የሚለው ይሄንን ነው" ብሎ ጨረሰ። "ጠይቆ ነበር፣ መልስ የለም። አለቀ።"

ዳኛው እንኳ ቀና አላሉም። ማስረጃ ከመኪናው ኋላ ተነሣና ቀስ ብሎ መጣ። እድሜ ልኩን ሲፈልገው የኖረው ድል ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶለታል። ጠመኔውን አንሥቶ ጻፈ።

"ማስረጃው ተቀባይነት የለውም።"

"እንዴት?" አሉ ዳኛው፣ ከመቀመጫቸው ብድግ ሊሉ እየዳዳቸው። "በምን ምክንያት?"

"አንድ ጊዜ በተሞከረ ነገር ምንም አይታወቅም" ብሎ ጻፈ። ከሥሩ ደግሞ በትናንሽ ፊደል፤ "ለድምፄ ብለህ?"

አናጢው በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

ማስረጃ ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ጠረጴዛውን በክርኑ ጠርጎ እንደገና ጻፈ። "አንተ የኔን ስትናገር የራስህን እያጣህ ነው። ለአንድ ሰው ይከብዳል። ነገ አስተማሪዋ ጋ እሄዳለሁ።" ሊሄድ ብሎ ተመለሰና ጨመረበት፤ "አንተም ድጋሚ ሞክር።"

*

መማሩ ቀላል አልነበረም። የንግግር አስተማሪዋ በከንፈርና በምላስ የሚፈነዱትን ፊደሎች አስቀድማ ሰጠችው፤ ፓ፣ ታ፣ ካ። አየሩ ሲፈለግ አይመጣም፣ ሳይፈለግ ይመጣል። እራት ላይ ይመጣል፤ እንግዳ ፊት ይመጣል። እታለም ማታ ማታ ከክፍሏ ያመጣችውን የፊደል ሰሌዳ ግድግዳው ላይ ሰቅላ በእንጨት እያሳየች ታስብለዋለች። "ካ! አንተ፣ መስኮት መስኮቱን አትይ! ካ!" ሲሰለቸው ይቆጣል፤ ለመቆጣት ደግሞ ቃል ያስፈልጋል፣ ያኔ ይብስበታል። "ካስተማርኳቸው ሕፃናት ሁሉ አንድም እንደሱ ያስቸገረኝ የለም" ትል ነበር፣ እሱው እየሰማ።

አናጢውም በበኩሉ ማለዳ ማለዳ መቆም ጀመረ። ብዙ አይልም። አንዳንድ ቀን "ስማኝ" ብሎ እዚያው ያቆማል፤ አንዳንድ ቀን ትንሽ ይረዝምለታል። ኮሪደሩ ትዝ ሲለው አሁንም ቃሉ ይቆራረጥበታል። ግን አልተወውም።

ሱቅ ውስጥ ጥብቅናው ቀጥሎ ነበር። አንድ ቀን አናጢው ደክሞት ነበርና የአማቹን ነገር አጓጉል አቀረበው። "እንግዲህ ማስረጃ፣ ዓለም እንዲሁ በአጋጣሚ ነው የመጣችው ይላል፤ ስለዚህ…"

"ቆይ!"

አናጢው መዶሻው ከእጁ ወደቀ። ድምፁ ሸካራ ነው፣ ከርሰ ምድር የመጣ ይመስላል፤ ግን ቃል ነው። ማስረጃ ራሱ ደንግጦ አፉን እንደከፈተ ቀረ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰው ሲነሣላቸው የኖሩት ዳኛ ከሶፋቸው ተነሥተው ቆሙ።

"ቆይ" አለ ማስረጃ ደግሞ፣ አየር ዋጥ እያደረገ። "እንዲ…ያ… አላልኩም።"

የዚያን ቀን ሥራ አልተሠራም። እታለም ስትደርስ ሦስት ትልልቅ ሰዎች እንደ ልጅ ሲተቃቀፉ አገኘቻቸው። አዲስ ክርክርም በዚያው ተወለደ። አናጢው "ድጋሚ ሞክር ብለኸኝ ሞከርኩ፤ ይኸው ተሰማ" አለ። ማስረጃ "አስተ…ማሪዋ" አለ። እታለም ሁለቱንም አየቻቸውና "እኔ ስንት ማታ ካ ካ ስል የከረምኩትስ?" ብላ ስለተቆጣች ለጊዜው ድሉ የሷ ሆነ።

ወራት አለፉ። የማስረጃ ድምፅ ጸንቶ ሙሉ ዐረፍተ ነገር መሸከም ቻለ። አንድ ቀን የንግግር አስተማሪዋ ሱቅ ድረስ መጣች። አንድ የአውቶቡስ ረዳት ሆስፒታል ተኝቷል አለች። በነገታው ያንኑ ቀዶ ጥገና ይደረግለታል፤ እሱ ግን ሃሳቡን ለውጦ ልውጣ እያለ ነው። አንድ እንዳንተ ያለፈበት ሰው ቢያነጋግረው ብላ ለመነች።

"እሱም ይምጣ" አለ ማስረጃ ወደ አናጢው እያመለከተ።

ረዳቱ ሰፊ ትከሻ ያለው ጎልማሳ ነበር። አልጋው ጫፍ ላይ ልብሱን ለብሶ፣ ጫማውን አስሮ ተቀምጧል። ዕድሜውን ከአውቶቡስ በር ላይ ተንጠልጥሎ የየሰፈሩን ስም ሲጣራ የኖረ ሰው ነው።

"ያለ ድምፅ እኔ ምንድን ነኝ?" አላቸው። "ያማል?"

"ያማል" አለ ማስረጃ። "ያልፋል።"

ረዳቱ ድምፁን ሲሰማ ቀና አለ። "ሰው ይሰማዎታል?"

"አንተ እየሰማኸኝ አይደል?"

ረዳቱ አሰበና ጫማው ላይ አፈጠጠ። "ፈጣሪን ለምኜዋለሁ። እርስዎም ለምነው ነበር?"

"እኔ አላምንም። የሚለምነው እሱ ነው።"

ረዳቱ ወደ አናጢው ዞረ። "እና ሰማዎት?"

አናጢው ሊያባብለው ይችል ነበር። "ድምፁን ተውለት ብዬ ነበር" አለ። "አልተወለትም። ተቀየምኩት፣ መነጋገርም አቆምን። አሁን ቀስ እያልን ታርቀናል። በዚህ መሃል ደግሞ ይሄ ሰውዬ መናገር ጀመረ።"

"አስተማሪዋ ናት ያናገረችኝ!" አለ ማስረጃ።

"አስተማሪዋን እዚህ ያቆማትስ ማን ነው?"

"ደሞዟ!"

"ለደሞዝ ብቻ ሰው እንዲህ ይደክማል? አንተን የመሰለ ግትር ሰው ይዛ?"

"ይሄ ማስረጃ አይደለም!"

ረዳቱ አንዱን አይቶ ሌላውን ሲያይ ሳያስበው ሳቀ። አንድ እጁ ወደ ጫማው ማሰሪያ ወርዶ ነበር። "ቆይ፣ ከሁለታችሁ ልኩ ማን ነው?" አለ፣ ማሰሪያውን እየፈታ።

ሁለቱም "እኔ ነኝ!" ብለው አንድ ላይ ጀመሩ። ማስረጃ አየር ዋጥ አድርጎ አናጢውን ቀደመው፤ የሶፋውንና የሠሪውን ነገር አነሣ፣ አናጢው ሊገባበት ሲል ይበልጥ ጮኸ። በሩ ተከፈተና አንዲት ነርስ ብቅ አለች።

"ኧረ እባካችሁ፣ በሽተኛ አለ! ድምፅዎን ይቀንሱ!"

አናጢው በእፍረት እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። "ይቅርታ እህቴ።"

"እርስዎን አይደለም" አለች ነርሷ። ወደ ማስረጃ አመለከተች። "እሳቸውን ነው። ኮሪደሩ ጫፍ ድረስ ይሰማል።"

ማስረጃ ዓይኑ እንባ ሞላ። "እኔን?"

"አዎ፣ እርስዎን።"

"እስቲ ድገሚልኝ" አላት።

ነርሷ ያልሰማት መስሏት ጠጋ አለችና ቃል በቃል፣ ጮክ ብላ ደገመችለት።